የሐኪም እጅና የባለእጅ ቶርኖ

በ1816 በፓሪስ ከተማ፣ በኔኬር ሆስፒታል፣ ሬኔ ላኤኔክ ለተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የልብ ሕመም ምልክት የሚታይባት አንዲት ወጣት ሴት ቀረበችለት። በዚያ ዘመን ሐኪም የልብን ምት ለመስማት ጆሮውን በሕመምተኛው ደረት ላይ ይለጥፍ ነበር። ላኤኔክ የሴቲቱን ወጣትነትና የሰውነቷን ውፍረት አይቶ ይህን ማድረግ አልወደደም። ወረቀት አጥብቆ ጠቀለለና አንዱን ጫፍ ከደረቷ፣ ሌላውን ከጆሮው አስጠጋ፤ የልቧንም ምት ከዚያ በፊት ባልሰማው ጥራት ሰማ። ይህን ታሪክ ሕክምና የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ከተባለው በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ የተከተለውን ግን ብዙዎቻችን አልተማርነውም። ላኤኔክ ወረቀቱን ወደ እንጨት የለወጠው በገዛ እጁ ነው። እንጨት እያዞሩ የሚቀርጹበት መሣሪያ፣ የእኛ አገር ባለሙያ ቶርኖ የሚለው፣ በቤቱ ነበረው። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ መካከሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቦረቦረ ድቡልቡል እንጨት እየከረከመ የመጀመሪያዎቹን የደረት ማዳመጫዎች ሠራ። በ1819 መጽሐፉ ሲታተም የሚገዙት ሐኪሞች ማዳመጫውንም አብረው መግዛት ይችሉ ነበር። እኔ ሌኒንግራድ ትባል በነበረችው ከተማ የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ስለ ላኤኔክ ጆሮ ብዙ ተነግሮኛል፤ ስለ እጁ ግን የነገረኝ መምህር አልነበረም። ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፎ አንድ አሮጌ ቶርኖ ከገዛሁ በኋላ ስለዚህ መሣሪያ ታሪክ ማንበብ ስጀምር፣ ይህ ዝምታ በአጋጣሚ የመጣ እንዳልሆነ ተረዳሁ። የተማረው ሰው የእጅ ሥራን ከታሪኩ ሲያወጣ የኖረው በሁሉም አገር ነው። በእኛ አገር ያስከፈለው ዋጋ ግን ከሌላው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አንባቢ ከእኔ ጋር ይህን መንገድ እንዲሄድ የምጋብዘውም ስለዚህ ነው።

አሮጌው ማሽን

ቶርኖውን የገዛሁት እዚህ እንግሊዝ አገር የእንጨት ሥራ ክፍሉን ከዘጋ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ማይፎርድ ኤም ኤል 8 ይባላል፤ በኖቲንግሃም አጠገብ በምትገኘው በቢስተን የተሠራ ነው። ለትምህርት ቤቶችና በትርፍ ጊዜያቸው ለሚሠሩ ሰዎች በብዛት ይሸጥ የነበረ ዓይነት ሲሆን፣ ኩባንያው በቢስተን የነበረውን ሥራውን በ2011 አቁሟል። ስለዚህ ይህን ማሽን የሚፈልግ ሰው ከሌላ ሰው እጅ እንጂ ከፋብሪካ አያገኘውም።

እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቀለሙን አይቶ አይወስን። በመጀመሪያ ቺንጋውን ያውልቅና ዋናውን ዘንግ በእጁ ያዙረው። ኩሽኔታው ደህና ከሆነ ዘንጉ ሳይንገጫገጭ ይዞራል። ቀጥሎም ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቀው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል ወይም መጥበቅ ይፈልጋል። ሞተሩ ሲነሣ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ በኩሽኔታው መያዣ ላይ አሳርፎ እጀታውን ከጆሮ ማስጠጋት የመካኒኮች የቆየ ዘዴ ነው፤ ከላኤኔክ እንጨት የሚለይበት ነገር የለም። ከዚያ በኋላ የግራውንና የቀኙን ሹል ጫፎች አቀራርቦ በትክክል መግጠማቸውን፣ የዘንጉ ጥርስም ዛሬ በሚሸጡት የእንጨት መያዣዎች ልክ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪኩን ሽቦ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ይመርምረው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከስለት ነው። ያልተሳለ መሮ እንጨቱን ከመላጥ ይልቅ ይቧጭረዋል፤ ሠሪውም በጉልበት ወደ መጫን፣ ከጉልበትም ወደ አደጋ ይሄዳል። ከስለቱ በኋላ ያለው ሕግ ሦስት ነገር ነው፦ መሮው አስቀድሞ በማስደገፊያው ብረት ላይ ይረፍ፤ ቀጥሎ የስለቱ ጀርባ የሚዞረውን እንጨት ሳይቆርጥ ይንካ፤ በመጨረሻ እጀታው ቀስ ተብሎ ከፍ ሲል ስለቱ መቁረጥ ይጀምር። የፍጥነቱም ነገር ቀላል ሒሳብ አለው። የእንጨቱ ስፋት በኢንች፣ በደቂቃው ዙር ሲባዛ ከ6000 እስከ 9000 ባለው መካከል ይውደቅ ይላሉ ባለሙያዎቹ፤ ስለዚህ 10 ኢንች ስፋት ያለው ጣባ ከ600 እስከ 900 ዙር ይበቃዋል። ረጅም እንጨት ማድቦልቦያ የሆነው ሰፊ መሮ ለጣባ አይሆንም፤ ወደ እጀታው የሚገባው ጅራቱ ቀጭን ስለሆነ ሊሰበር ይችላል። ለጀማሪ ከሁሉም የሚሻለው ለራሱ መሮ እጀታ መሥራት ነው። ትንሽ እንጨት ይበቃዋል፤ ሥራው ሲያልቅም በየቀኑ በእጁ የሚይዘው ዕቃ ይሆንለታል።

እስካሁን የጠቀስኳቸውን ቃላት አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ቶርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሞርሳ፣ ሰጋቱራ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ቶርኖ ራሱ በላቲን በኩል ከግሪክኛ የመጣ ነው። የአማርኛችን የጋራዥና የእንጨት ቤት ቋንቋ በአንድ ዘመን፣ ከአንድ አገር፣ ከነዕቃው ተጭኖ ገብቷል። ለመሮ፣ ለመጋዝ፣ ለመዶሻ የራሳችን ቃል ነበረን። ለሚዞረው ነገር ግን ቃሉን ያመጡት ማሽኑን ያመጡት ናቸው።

ከጠፍር እስከ መርገጫ

የቶርኖ ጥንታዊ ሥዕል የሚገኘው ከእኛ ብዙ በማይርቅ አገር ነው። በግብፅ፣ ቱና ኤል ጀበል በተባለው ሥፍራ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ የተሠራ የጴጦሲሪስ የተባለ ካህን መቃብር አለ። በግድግዳው ላይ ሁለት ሰዎች ተቀርጸዋል፤ አንደኛው በእንጨቱ ላይ የተጠመጠመውን ጠፍር በሁለት እጁ ወዲያና ወዲህ ይስባል፣ ሁለተኛው መሣሪያውን ይዞ ይቀርጻል። አንድ ዕቃ ለመሥራት አራት እጅ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ጠፍሩ በደጋን ሲተካ አንድ ሰው ለብቻው መሥራት ቻለ። መሬት ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ደጋኑን ይገፋል፣ በሌላው መሮውን ይይዛል፣ በእግሩ ጣቶች ደግሞ መሮውን ያስደግፋል። የካይሮ ባለሙያዎች የመስኮት ፍርግርግ የሚሆኑትን ትናንሽ እንጨቶች በዚህ መንገድ ሲሠሩ ኖረዋል።

በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የተስፋፋው ግን ሌላ ዘዴ ነው። ከሠሪው ራስ በላይ የሚታጠፍ ረጅም እንጨት ይታሰራል፤ ከጫፉ የወረደው ገመድ በሚሠራው እንጨት ላይ ተጠምጥሞ ከእግር መርገጫ ጋር ይያያዛል። ሠሪው ሲረግጥ እንጨቱ ወደ እርሱ ይዞራል፣ ያን ጊዜ ይቆርጣል፤ እግሩን ሲያነሣ ከላይ ያለው እንጨት ገመዱን መልሶ ይስበዋል፣ ያን ጊዜ መሮውን ያሸሻል። ከጊዜው ግማሹ ባዶ ነው። ነገር ግን ሁለቱም እጆች ነጻ ወጡ። የቶርኖ ታሪክ ከብረትና ከእንጨት ታሪክ ይልቅ የእጅ ነጻ መውጣት ታሪክ መስሎ የሚታየኝ ለዚህ ነው።

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክ ከተማ፣ ኮፐርጌት የሚባል ጎዳና አለ። ስሙ ቫይኪንጎች ከተናገሩት ቋንቋ የወጣ ሲሆን «የጽዋ ሠሪዎች መንገድ» ማለት ነው። ከ1976 እስከ 1981 በተደረገው ቁፋሮ በቶርኖ የተሠሩ የእንጨት ጽዋዎችና ከጽዋው ውስጥ ተቦርቡሮ የወጣው ቁራጭ ሳይቀር በእርጥቡ አፈር ውስጥ ተገኝቷል። ከሺህ ዓመት በኋላ ስሙና ሥራው አንድ ሆነው ወጡ። የዚህ ሙያ የመጨረሻው ወራሽ ጆርጅ ሌይሊ የሚባል፣ በባክልበሪ የሚኖር ሰው ነበር። ከአንድ ግንድ አንዱን ጣባ ከሌላው ሆድ እያወጣ የሚሠራ ሲሆን በ1958 ሲሞት ተተኪ አልነበረውም። ቶርኖው ዛሬ በሬዲንግ በሚገኘው የእንግሊዝ የገጠር ሕይወት ሙዚየም ውስጥ አለ፤ የተቋረጠውን ሙያ በኋላ ያስነሡት ሰዎች ይህን ዕቃ እየለኩና እየመረመሩ ተምረዋል። ሰውየው ቢሞትም ዕቃውን የሚያከብር ስለተገኘ ትምህርቱ አልሞተም።

ከባሕር የወጣ ሳጥን

ጁላይ 19 ቀን 1545 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የጦር መርከብ ሜሪ ሮዝ ከፈረንሳይ ጋር በተደረገ ውጊያ ከፖርትስመዝ ወደብ አጠገብ ሰጠመች። በ1982 ከባሕር ከወጣችው ከዚህች መርከብ ውስጥ ከተገኙት ነገሮች አንዱ የመርከቧ ሐኪም ሳጥን ነበር። ከስልሳ የሚበልጡ ዕቃዎች ነበሩበት። የቀዶ ሕክምናው ብረት ዝጎ አልቋል፤ የእንጨት እጀታዎቹ ግን ቀርተዋል። በቶርኖ የተሠሩ ክዳን ያላቸው የእንጨት የመድኃኒት ዕቃዎችም ነበሩ። በአንደኛው ውስጥ በቀረው ቅባት ላይ የሐኪሙ ጣት ያለፈበት ምልክት ታይቷል። ሳይንስ የስሙን ነገር ሊነግረን አልቻለም። እንጨቱን ያዞረው ሰው እጅና ቅባቱን ያነሣው ሰው እጅ ግን በአንድ ትንሽ ዕቃ ላይ ተገናኝተው ቆይተውናል።

ይህ ሐኪም በዘመኑ አነጋገር «ጸጉር አስተካካይና ቀዳጅ» ነበር። በ1540 በአዋጅ አንድ የተደረጉት የለንደን ጸጉር አስተካካዮችና ቀዳጆች እስከ 1745 ድረስ በአንድ ማኅበር ኖረዋል። በዩኒቨርሲቲ የተማረው ሐኪም በላቲን ያዛል፤ እጁን በደም የሚነክረው ሌላው ነው። ቀዶ ሕክምና የሚጠራበት የአውሮፓ ቃል እንኳ ከግሪክኛ ሲተረጎም «የእጅ ሥራ» ማለት ብቻ ነው። የእንግሊዝ ቀዳጅ ሐኪሞች ዛሬም «ዶክተር» ሳይሆን «ሚስተር» ተብለው ይጠራሉ፤ ያ የጥንት ንቀት ዛሬ የክብር ምልክት ሆኗል። የእንጨት አዟሪዎቹም ማኅበር በ1604 ከንጉሥ ጄምስ የመመሥረቻ ደብዳቤ ተቀብሏል። ሁለቱም ማኅበራት ንቀትን በጽሑፍ፣ በማኅተምና በደንብ ተዋግተውታል።

ዘውድ የጫነ ቶርኖ ሠሪ

በተማሪነቴ ዘመን በሌኒንግራድ ሙዚየሞች የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ የሠሩባቸውን ቶርኖዎች አይቻለሁ። ንጉሡ እንጨትና የዝሆን ጥርስ በገዛ እጃቸው ያዞሩ ነበር። ሻርል ፕሉሚዬ የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1701 ያሳተመውን፣ ስለዚህ ሙያ ብቻ የተጻፈውን መጽሐፍም ወደ ሩሲያኛ አስተርጉመዋል። ባለሙያቸው አንድሬ ናርቶቭ መሮውን በእጅ ፈንታ በብረት መያዣ የሚመራ ቶርኖ ሠርቷል። ንጉሡ ጥርስ መንቀልም ይወዱ ነበር፤ የነቀሏቸው ጥርሶች በኩንስትካመራ ሙዚየም ተቀምጠዋል። በባለሟሎቻቸው ቦታ መሆንን አልመኝም። የባለቅኔው ፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ሃኒባል ያደገው በዚሁ ንጉሥ ቤት ነው። እኛ ሐበሻ ነው ስንል ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ትውልድ አገሩ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የትም ይወለድ፣ ያደገው ንጉሥ መሮ ይዞ በሚታይበት ቤት መሆኑን እኛ ስለ እርሱ ስንኮራ አንጠቅሰውም።

ናርቶቭ የጀመረውን መንገድ በ1800 ገደማ ወደ ፍጻሜው ያደረሰው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ ነው። እርሱ የሠራቸውና ማርክ ብሩኔል ያቀዳቸው ማሽኖች በዚያው በፖርትስመዝ፣ ለመርከብ ገመድ የሚሆኑ የእንጨት መዘውሮችን መሥራት ጀመሩ። 110 የሠለጠኑ ሰዎች ይሠሩት የነበረውን 10 ያልሠለጠኑ ሰዎች ሠሩት። ቶርኖ መጀመሪያ ሁለቱን እጆች ነጻ አውጥቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ መሮውን ከእጅ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ብረት በብረት እየተቀረጸ ማሽን ማሽንን ወለደ።

አቧራውና አንዲት ጥያቄ

ከለንደን ሰሜን ምዕራብ በቺልተርን ኮረብታዎች ቢች የሚባል ዛፍ በብዛት ይበቅላል። በዚያ ጫካ ውስጥ የወንበር እግር የሚያዞሩ ድኾች በመርገጫ ቶርኖ እየሠሩ፣ ሃይ ዊኮም ለምትባለው የወንበር ከተማ ያቀርቡ ነበር። የሚሠሩት እርጥብ እንጨት ስለሆነ ከመሮው የሚወጣው ረጅም ፍቅፋቂ እንጂ አቧራ አልነበረም። ሥራው ወደ ፋብሪካ ሲገባ ግን እንጨቱ ደረቀ፣ ማሽኑ ፈጠነ፣ ክፍሉም በደቃቅ ብናኝ ተሞላ።

በ1960ዎቹ በዚያች ከተማ ይሠሩ የነበሩ ኤስሜ ሃድፊልድ የተባሉ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም፣ እጅግ ብርቅ የሆነ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር የያዛቸው ሕመምተኞች የዕቃ ቤት ሠራተኞች መሆናቸውን አስተዋሉ። ከኦክስፎርዱ ሐኪም ከሮናልድ ማክቤዝና ከዶናልድ አቺሰን ጋር ሆነው ያሳተሙት ጥናት ግንኙነቱን አረጋገጠ። በ1969 በሽታው በብሪታንያ ከሥራ የሚመጣ በሽታ ተብሎ ተመዘገበ፤ በ1995 ደግሞ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል አስታወቀ። አሮጌ ቶርኖ የሚገዛ ሰው ከመሮ አስቀድሞ ደህና የአቧራ ጭንብልና የፊት መከላከያ እንዲገዛ የምመክረው እንደ ሐኪም ነው። ከሁሉም የሚከፋው ብናኝ የሚነሣው በብርጭቆ ወረቀት ስናለሰልስ ነውና።

ሐኪሟ ያገኙት ነገር አዲስ መሣሪያ አላስፈለገውም። ያስፈለገው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሥራህ ምንድን ነው?» ይህን ጥያቄ ወደ ሕክምና ያስገባው ጣሊያናዊው በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። በሞዴና በቤቱ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ የሚጠርግ ሠራተኛ ሲቻኮል አይቶ ምክንያቱን ጠየቀው። ሰውየውም በዚያ ጉድጓድ የቆየ ሰው ዓይኑ እንደሚጎዳ ነገረው። ፕሮፌሰሩ ከከተማው ሁሉ የተናቀውን ሠራተኛ ቃል ተቀብሎ ምርምሩን ጀመረ፤ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡም ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ጋር የሥራን ጥያቄ እንዲጨምሩ አሳሰበ።

ባለእጅ

ያቺው ጥያቄ በእኛ አገር የኖረችው በሌላ ትርጉም ነው። «ሥራው ምንድን ነው?» ስንል የሰውየውን ጤና ሳይሆን ዘሩን እንጠይቅ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ እንጨት የሚጠርበው፣ በየአካባቢው የተለያየ ስም ተሰጥቶት ከጋብቻና ከማዕድ ተለይቷል። ቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች «ቡዳ» ተብለዋል። በጉራጌ እንጨት የሚሠሩት ፉጋዎች ቤት እየሠሩ ከቤት ውጭ ቆመዋል። «ባለእጅ» የሚለውን ቃል አስቡት። እጅ ያለው ማለት ነው፤ እንደ ግሪኩ «የእጅ ሥራ» ሁሉ የክብር ስም መሆን ይችል ነበር። እኛ ግን ስድብ አደረግነው።

ነገሥታቱ አላዩትም ማለት አይቻልም። ዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ ሲያሠሩ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እንዳነሡ በአጠገባቸው የነበሩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል፤ ጋፋትንም የብረት ሥራ መንደር አድርገው ሴባስቶፖልን አስቀልጠውባታል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። አዋጅ ግን የምላስን ልማድ በአንድ ቀን አይለውጥም። ሚስጥሩን ለልጁ ብቻ የሚያወርስ፣ ማኅበር የሌለው፣ መጽሐፍ ያልተጻፈለት፣ ዕቃውን ሙዚየም ያልጠበቀለት ባለእጅ ሲሞት ሙያው አብሮት ይቀበራል። የዮርክ ጽዋ ሠሪዎች ጎዳና ተሰየመላቸው፤ የእኛዎቹ ስማቸውን ለመደበቅ ሰፈር ለወጡ። ቶርኖ የሚለውን ቃል ከጣሊያን የተቀበልነው አእምሮ ስላነሰን አይደለም። የሚፈጥረውን እጅ ከማዕዳችን ስላራቅነው ነው።

ይህ ልማድ ከእኛ ጋር ባሕር ተሻግሯል። በስደት ብዙዎቻችን በእጃችን እንኖራለን፤ ታክሲ እንነዳለን፣ አረጋውያንን እናጥባለን፣ ኤሌክትሪክ እንዘረጋለን። ወደ አገር ቤት ስንጽፍ ግን «ደህና መሥሪያ ቤት ገብቻለሁ» ብለን እናልፋለን። በክሊኒኬ ያገሬን ሰው «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ አንዳንዱ ዓይኑን ወደ መሬት ይሰብራል። የሚተነፍሰውን ኬሚካል፣ የሚያነሣውን ክብደት፣ የሌሊቱን ሥራ ካልነገረኝ ግን ሳንባውን ሳዳምጥ ብውል ምክንያቱን ላላገኘው እችላለሁ። አባቶቻችን በባለእጁ ላይ ያኖሩት ኀፍረት በልጆቻቸው ላይ ሕመም ሆኖ ይታየኛል።

ስለዚህ ለአንባቢዎቼ አንድ ጥያቄ አለኝ። በየቤታችን ገበታ፣ ሙቀጫ፣ በርጩማ ወይም ዋንጫ ሲሠራ ያዩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዛሬም አሉ። ማን ሠራው፣ በምን መሣሪያ፣ ከየትኛው እንጨት፣ ዋንዛው በየትኛው ወር ይቆረጥ ነበር፣ መሣሪያውስ ምን ይባል ነበር ብለን እንጠይቃቸው። የሠሪውንም ስም ከነአባቱ እንጻፍ። ራማዚኒ ከጉድጓድ ጠራጊው የጠየቀውን ያህል ብንጠይቅ፣ ገና ያልተቀበሩ ብዙ ቃላት እናገኛለን።